ሰርቨሩ አገር ቤት ቢገባስ?

«ዲጂታል ሉዓላዊነት» የሚለው አነጋገር ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ የሁሉም ሰው አፍ ላይ ገብቷል። ሚኒስትሩም፣ የቴሌቪዥን ተንታኙም፣ ሶፍትዌር ነጋዴውም ይለዋል። ክርክሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ዳታ የዘመኑ ነዳጅ ነው፤ ነዳጃችንን የውጭ ኩባንያዎች በነፃ እየቀዱት ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩን አገር ቤት እናስገባ፣ የዳታ ማዕከል እንገንባ፣ የራሳችንን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንሥራ፤ ያኔ ማንም አይነካንም። ከዳካር እስከ አዲስ አበባ ይህን ደፍሮ የሚቃወም ፖለቲከኛ አላየሁም። እንዴትስ ይቃወማል? በሉዓላዊነት ላይ ማን አፉን ይከፍታል!

እኔ ግን እከፍታለሁ። በዚህ ስም እየተሸጠልን ያለው ዕቃ በብድር የሚገዛ፣ በውጭ ሰው እጅ የሚገጠም፣ መንግሥትን በዜጋው ላይ የሚያበረታ፣ በኃያላኑ ፊት ግን ቅንጣት አቅም የማይጨምርልን ነው። እስካሁን በአፍሪካ ምድር ግዙፎቹን ኩባንያዎች መልስ እንዲሰጡ ያስገደደ ነገር ቢኖር የዳኛ ፊርማ ነው። ሰርቨር ሲያስገድድ አልታየም።

ከሴኔጋል እንጀምር። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ከዳካር ወጣ ብላ በምትገኘው በዲያምኒያዲዮ የተሠራውን ብሔራዊ የዳታ ማዕከል መረቁ። መሥሪያ ቤቶች ውጭ አገር ያስቀመጡትን መረጃና ፕሮግራም ሁሉ ወደዚያ እንዲያዛውሩም አዘዙ። ዓላማው ሳይሸፋፈን ተነገረ፤ ዲጂታል ሉዓላዊነት። ገንዘቡ የቻይና ብድር ነበር፤ ዕቃውም ሙያውም የሁዋዌ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የተቃዋሚው መሪ ኡስማን ሶንኮ ተፈርዶበት ወጣቱ አደባባይ ሲወጣ፣ ያው መንግሥት የሞባይል ኢንተርኔት ዘጋ። በፌብሩዋሪ 2024 ምርጫው ሲራዘም ደግሞ ደገመው። መረጃው በአገሩ አፈር ላይ መቀመጡ ለዳካሩ ወጣት ምን ፈየደለት? ስልኩ ላይ የሚዞረው ያው ክብ ምልክት ነው።

የእኛንማ ማን ረስቶት። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ ከኢንተርኔት አልፋ ከስልክም ከባንክም ተቆርጣ ሁለት ዓመት ያህል ኖረች። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ከዚያም ቀደም ብሎ የፈተና ወረቀት እንዳይሰረቅ ተብሎ አገር ተዘግቷል፤ ወረቀቱን መቆለፍ ከብዶ አገር መቆለፍ ቀልሎ መሆኑ ነው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሌሊት ከሥራ ወጥታ በኢሞ ስትደውል የእናቷን ፊት ያጣችው በእነዚህ ውሳኔዎች ነው። አንዱንም ዋሽንግተን አላዘዘችውም፤ ቤጂንግም አልዘጋችውም። ማጥፊያውን በእጁ ይዞ ስለ ሲሊከን ቫሊ ጥቃት የሚያማርር ባለሥልጣን ነገሩ የአብዬን ወደ እምዬ ነው።

ይህ ሲባል የውጭው ሥጋት ተረት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሥጋቱ እውነት ስለሆነ ነው የሐሰት መድኃኒቱ የሚያናድደኝ። በጁላይ 2025 የአውሮፓ ኅብረት በሩሲያ ምክንያት ናያራ ኢነርጂ በተባለው የሕንድ ነዳጅ ማጣሪያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ ማይክሮሶፍት የኩባንያውን ኢሜይልና ሌሎች አገልግሎቶች አቋረጠ። አስቡት፤ ማጣሪያው የሕንድ፣ ሠራተኛው የሕንድ፣ የሕንድ መንግሥት ያልተቀበለው የብራስልስ ውሳኔ ግን የቢሮውን ኢሜይል ዘጋው። ማይክሮሶፍት ሕንድ ውስጥ የዳታ ማዕከል አጥቶ ነው? የለም፤ ሞልቶታል። ናያራ ምን አደረገ? ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። አገልግሎቱም በቀናት ውስጥ ተመለሰ።

«ሰርቨሩ እኛ ዘንድ ይሁን» ለሚል ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ከተማ የለም። ድሮ ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ያበረከተችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ከኅብረቱ ሰርቨሮች መረጃ ሌሊት ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ወደ ሻንጋይ ሲጓዝ እንደነበር ዘገበ። ቻይና አስተባበለች፤ የኅብረቱ ሹማምንትም አስተባበሉ። እሺ፣ ዘገባው ውሸት ነው እንበል። ውሸት መሆኑን በምን አረጋገጥን? ሕንፃው እኛ ከተማ፣ ሰርቨሩ ሕንፃው ውስጥ፣ ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ፣ በመስመሩ የሚያልፈውን ግን የሚያውቀው የገጠመው ሰው ነው። ሽቦውን ከፍቶ የሚያይ የራስ ባለሙያ፣ የተገኘውን ለሕዝብ የመናገር ነፃነት ያለው መርማሪ፣ ካልተገኘም «አልተገኘም» ሲል የሚታመን ተቋም በሌለበት የሰርቨሩ አድራሻ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያህል ጥቅም እንኳ የለውም።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የክላውድ ሕግ መሠረት የአሜሪካ ፍርድ ቤት አንድን የአሜሪካ ኩባንያ «የያዝከውን መረጃ አምጣ» ብሎ ሲያዝ መረጃው የትም አገር ይቀመጥ ልዩነት የለውም። ኬንያ ውስጥ በኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት የሚሠራ የዳታ ማዕከል ለመገንባት ማይክሮሶፍትና የአቡ ዳቢው ጂ42 በ2024 የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ሲያሳውቁ ብዙ ጋዜጣ ለአፍሪካ ሉዓላዊነት ትልቅ እርምጃ ብሎ አጨበጨበ። እንፋሎቱ የኬንያ ነው፣ መሬቱ የኬንያ ነው፤ ትዕዛዙ የሚመጣው ከማይክሮሶፍት መቀመጫ ከሬድመንድና ከአቡ ዳቢ ነው። ኬንያ ኪራይና ግብር ታገኝ ይሆናል፤ ደግ ነው፣ ይገንባ። ስሙን ግን በስሙ እንጥራው፤ ኪራይ ነው።

«የራሳችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለውስ? ከላይ እስከ ታች እንየው። ትልልቅ ሞዴሎች የሚሠለጥኑባቸውን ቺፖች በአብዛኛው የሚነድፈው የአሜሪካው ኤንቪዲያ ነው፤ የሚያመርታቸው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ፤ ቲኤስኤምሲ የሚሠራበትን እጅግ የረቀቀ የብርሃን ማተሚያ ደግሞ በዓለም ላይ የሚሠራው የሆላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2025 የባይደን መንግሥት አንድ ደንብ አወጣ፤ 18 ወዳጅ አገሮች ቺፕ እንደልባቸው ይግዙ፣ የቀረው አብዛኛው ዓለም በኮታ ይግዛ የሚል። ከ18ቱ ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም። በሜይ የትራምፕ መንግሥት ደንቡን ሰረዘው። ሲወጣም የጠየቀን የለም፣ ሲሰረዝም የነገረን የለም። በእንዲህ ያለ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከዜሮ ጀምሬ የራሴን ሞዴል ልሥራ ማለት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ደግሞም አያስፈልግም። የቻይናው ዲፕሲክ በጃንዋሪ 2025 ሞዴሉን ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ለቀቀው፤ ሜታም፣ የአቡ ዳቢው የፋልኮን ቡድንም ከእሱ በፊት ለቅቀዋል። ማንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አውርዶ ሊያስተካክለው ይችላል። የሚያስተካክልበት ጽሑፍ ግን የለውም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ፍራንሰስ ሆገን የተባለችው የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ መድረኩ በኢትዮጵያ የብሔር ግጭት እያራገበ መሆኑን ስትመሰክር ዓለም ሰማ። ከዚያስ? ዋሽንግተን ሰምታ አለፈች። አዲስ አበባም ኩባንያውን ወቀሰችና አለፈች፤ ቀጥላም የራሷን መዝጊያ ተጠቀመች። ኩባንያውን ችሎት ፊት ያቆሙት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የተሳካላቸው ግን ናይሮቢ ነው። ከእነሱ አንዱ አባቱ በፌስቡክ ስሙና ፎቶው ከተለጠፈ በኋላ ባሕር ዳር የተገደለበት ሰው ነው። ክሱ በዲሴምበር 2022 ተመሠረተ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ «እኔ የኬንያ ኩባንያ አይደለሁም፣ እዚህ ልከሰስ አይገባም» አለ። በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሰርቨሩ ናይሮቢ ውስጥ ስለነበረ አይደለም። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ልጥፎችን የሚያጣሩት ሠራተኞች እዚያ ተቀጥረው ስለነበረ፣ ኬንያም መንግሥትን የማይፈራ ዳኛ የሚያፈራ ሕገ መንግሥት ስላላት ነው።

ያችው ኬንያ ሌላም አሳየችን። በ2023 ወርልድኮይን የተባለው ድርጅት ናይሮቢ ላይ የሰውን ዓይን እየቃኘ 7,000 ሽልንግ ገደማ የሚያወጣ ክሪፕቶ ሲሰጥ ሕዝቡ ኬንያታ የስብሰባ ማዕከልን ከብቦ ተሰለፈ። በኦገስት መንግሥት አገደው። በሜይ 2025 ደግሞ አንድ የሲቪክ ድርጅት ባቀረበው አቤቱታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የተሰበሰበው የዓይንና የፊት መረጃ በዳታ ጥበቃ ኮሚሽነሯ ቁጥጥር ሥር እንዲጠፋ አዘዘ። አስተውሉ፤ መረጃው ኬንያ ውስጥ ይቀመጥ አላለም፤ ይጥፋ ነው ያለው።

እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ መውጣቱ ጥሩ ነው። ግን አንድ የጎንደር ወይም የጅማ ነዋሪ መረጃዬ ያለአግባብ ተወስዷል ብሎ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትን ከስሶ ሲያሸንፍ እስክናይ አዋጁ ወረቀት ነው። የፋይዳ መታወቂያን በተመለከተም ክርክራችን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የቆመው። ሶፍትዌሩ ባንጋሎር የተሠራው ሞሲፕ ነው፤ «ታዲያ የውጭ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። የሞሲፕ ኮድ ክፍት ነው፤ መሐንዲሶቻችን ከፍተው ያዩታል፣ ይቀይሩታል፣ አንዱን አቅራቢ አሰናብተው ሌላ ይቀጥራሉ። አገር ውስጥ የተሠራ ነገር ግን ኮዱ የተቆለፈ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይቻልም ነበር። ስለዚህ በፋይዳ ላይ ያለኝ ጥያቄ ከባንጋሎር ጋር አይገናኝም፤ አሻራዬን ማን እንዳየው መጠየቅ እችላለሁ ወይ፣ ብጠይቅስ ማን ይመልስልኛል የሚል ነው።

አቅራቢን ማሰናበት አለመቻል ምን እንደሚያስከትል ሩዋንዳ አይታዋለች። ባቢል የተባለው በስልክ የሚሰጥ የሕክምና አገልግሎት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበት ነበር፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 የ10 ዓመት ውል ፈርሞለታል። ባለቤቱ የለንደኑ ባቢሎን ኩባንያ ነበር። በ2023 ባቢሎን ከሰረ፣ ባቢልም አብሮ ተዘጋ። ሰርቨሩ ኪጋሊ ቢቀመጥ ኖሮ ታካሚው ሐኪም ያገኝ ነበር?

አሁን ወደ ነዳጁ ልምጣ። ዳታ ነዳጅ ነው የሚለው ንግግር ብዙ ሰው ያሳሳተ ይመስለኛል። ነዳጅ ሲቀዳ ጉድጓዱ ይጎድላል፤ ጽሑፍ ሲቀዳ አይጎድልም። ነዳጅ ከመሬት ሥር ሳይነካ ቢቆይ ያው ነዳጅ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተቆለፈ ጽሑፍ ግን አይጥና ምስጥ ነው የሚያነበው። የአማርኛ ችግር ሰው መስረቁ ሳይሆን የሚሰረቅ እንኳ በቅጡ አለመኖሩ ነው።

የነጋሪት ጋዜጣን አንድ ገጽ ክፈቱ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ ሲታተም በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው፣ አንቀጽ ለአንቀጽ ትይዩ ሆኖ ነው። ለትርጉም ማሽን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል? በጥንቃቄ የተጻፈ፣ በመንግሥት የጸደቀ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን። ገጹን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት እንደ ፎቶ ተነሥቶ በፒዲኤፍ ነው፤ ጠርዙ የጠቆረ፣ አንዳንዱ ገጽ የተንጋደደ፣ የጀርባው ቀለም ወደ ፊት የዘለቀ። ፊደል አንባቢ ሶፍትዌር ስትሰጡት ሁለቱን ዓምዶች አደባልቆ ግማሽ መስመር አማርኛ፣ ግማሽ መስመር እንግሊዝኛ አድርጎ ይተፋዋል።

በኮምፒውተር የተተየበውም ከዚህ አይሻልም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የመሥሪያ ቤቶቻችን ጸሐፊዎች ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ሲተይቡ ኖረዋል። በእነዚያ የድሮ ፎንቶች የተተየበ ደብዳቤ ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ፊደሉ ይጠፋና የላቲን ሆሄ ከጥያቄ ምልክትና ከቅንፍ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ይህን ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ለዓይናችን አማርኛ ነው፤ ማሽኑ የሚያየው ግን ያንን ቅልቅል ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሬዲዮው የድምፅ ክምችት፣ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ቅጽ በቅጽ፣ የመማሪያ መጻሕፍት፣ የጤናና የግብርና ኤክስቴንሽን ማኑዋሎች፤ አብዛኛው ለማሽን እንደሌለ ነው።

ውጤቱ በኪስም ይታያል። ኩባንያዎቹ የሚያስከፍሉት ጽሑፉን ቆራርሰው በቁራሽ ቆጥረው ነው። አንድ የላቲን ፊደል በ1 ባይት ይጻፋል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል። ማሽኑ አማርኛ በብዛት ስላላነበበ ቃሉን እንደ ቃል አያውቀውም፤ ወደ ባይት ይፈጨዋል። በ2023 የወጣ ጥናት አንድ ዓይነት ሐሳብ በቋንቋ ልዩነት ብቻ እስከ 15 እጥፍ የሚበልጥ ቁራሽ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች አሻሽለዋል፤ ክፍተቱ ግን አልተዘጋም። ተመራማሪዎቻችን የሚያሠለጥኑበት አማርኛ ደግሞ በአብዛኛው ዜና፣ መጽሐፍ ቅዱስና የማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየት ነው። በዚህ ያደገ ማሽን ስለ ወባ መድኃኒት ሲጠየቅ ግማሹን እንደ ሰባኪ፣ ግማሹን እንደ ፌስቡክ ተሳዳቢ ቢመልስ አይፈረድበትም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከፍተን ለጉግልና ለኦፕንኤአይ ልናስረክብ ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣው ጠንካራው ጥያቄም ይሄ ነው። መልሴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኢንተርኔት ላይ የነበረውን አማርኛ ከረጅም ጊዜ በፊት ወስደውታል፤ ያልወሰዱትን ፎቶ የማንበቢያ አቅምና ገንዘብም አላቸው። መቆለፊያው ውጭ የሚያስቀረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ተማሪ ነው፣ እንደ ማሳካኔ ያለውን የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ ነው፣ ለትግርኛና ለአማርኛ የትርጉም ማሽን የሠራውን ልሳንን የመሰለ ትንሽ ቡድን ነው። መቆጠብ የሚገባው ደግሞ አለ፤ የሰው ድምፅ፣ የሕመም ታሪክ፣ የገዳም ብራና። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የኒውዚላንዱ የማኦሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ ቴ ሂኩ ሚዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡን ጠርቶ በ10 ቀን ከ300 ሰዓት በላይ ድምፅ አስቀዳ፤ የውጭ ኩባንያ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ አልሸጥም አለ፤ የራሱን የፈቃድ ውል አዘጋጅቶ ቋንቋቸውን የሚሰማ ማሽን ሠራ። ቁልፉን የያዘው ማኅበረሰቡ ነው። ሚኒስቴር አልያዘውም።

ቻይናም ትነሣለች። «ዘግታ አይደለም ወይ ያደገችው?» ይላሉ። ቻይና ስትዘጋ ውስጥ ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ፣ እልፍ መሐንዲስና ለፉክክር የተዘጋጁ የራሷ ኩባንያዎች ነበሯት። እነዚህ በሌሉበት የሚዘጋ አገር ቻይናን አይሆንም፤ የተዘጋ አገር ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሚቀጥለው የዳታ ማዕከል ብድር እጁን ከማውጣቱ በፊት ውሉ ላይ አቅራቢውን የምናሰናብትበት አንቀጽ የት እንዳለ ይጠይቅ። ኢንተርኔት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚዘጋ ባለሥልጣን በሕግ የሚጠየቅበትን ድንጋጌም ያውጣ። የፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ነጋሪት ጋዜጣ በሙሉ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች አንቀጽ ለአንቀጽ እንደተያያዙ፣ ማሽን በሚያነበው በዩኒኮድ ጽሑፍ ለማንም ሰው ክፍት አድርጎ በዚህ በጀት ዓመት ይልቀቅ። የሚያስፈልገው ጥቂት ስካነር፣ ጥቂት ጎበዝ አራሚና የአንድ ኃላፊ ፊርማ ነው፤ ቺፕም፣ ብድርም፣ የዋሽንግተን ወይም የቤጂንግ ፈቃድም አይጠይቅም።